ለሐዋሳና ለባሌ ጉዞ፦ 55-250 ወይስ 75-300?

ብርሃን_ፈላጊ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ካነን 2000ዲ አለኝ፤ ሌንሴ ግን አብሮት የመጣው 18-55 ብቻ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ሁለት ቀን ሐዋሳ፣ ሦስት ቀን ባሌ (ዲንሾና ሰነቴ) እሄዳለሁ። ማንሳት የምፈልገው ወፎችን፣ ጉሬዛን፣ የደጋ አጋዘንን፣ ከቀናኝ ደግሞ ቀይ ቀበሮን ነው።

ያገለገሉ ሁለት ሌንሶች ቀርበውልኛል። አንዱ ካነን 75-300 ኤፍ 4-5.6 ቁጥር ሦስት ነው። ሌላው 55-250 ኤፍ 4-5.6 አይኤስ ኤስቲኤም ሲሆን በዋጋ ይበልጣል። ሻጩ "300 ይርቃል፣ ለአውሬ የሚሆነው እሱ ነው" ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ሁለቱንም ተዋቸውና ገንዘብ አጠራቅመህ 150-600 ግዛ ይላል።

የትኛው ይሻለኛል? ያገለገለ ሌንስ ስገዛስ ምን ምን ልይ? ስታንድ መያዝ ግድ ነው? ሴቲንጉንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እስካሁን የማውቀው አውቶ ብቻ ነው።

—

ደጋ_ለደጋ

55-250ውን ውሰድ ወንድሜ። ግን ሌንሱ ላይ "ኤስቲኤም" (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው) የሚል ጽሑፍ መኖሩን በዓይንህ አረጋግጥ፤ ከእሱ በፊት የወጡ ሁለት 55-250ዎች አሉ፣ ፎከሳቸው ቀርፋፋና ጩኸታም ነው።

"300 ይርቃል" ለሚለው ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የካሜራህ ሴንሰር ስፋት 22.3 ሚ.ሜ ነው። አንድ ሌንስ ምን ያህል ስፋት እንደሚያይ ለማወቅ 22.3ን በርቀቱ (በሜትር) አባዛና ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍለው። ቀይ ቀበሮ 50 ሜትር ላይ ቆሟል እንበል። በ250 ፍሬሙ 4.5 ሜትር ይሰፋል፣ በ300 3.7፣ በ400 2.8፣ በ600 1.9። ቀበሮው ጅራቱን ትተን አንድ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ250 ከፍሬሙ አንድ አምስተኛ በላይ ይይዛል፣ በ300 ሩብ ትንሽ ያልፋል። ልዩነቱ ይቺው ናት። 250ውን ይዘህ 8 ሜትር ብትጠጋ ተመሳሳይ ፎቶ ታገኛለህ።

ለዚች ልዩነት የምትከፍለውን ደግሞ ተመልከት። 75-300 ቁጥር ሦስት ማረጋጊያ (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው፣ አይኤስ የሚባለው) የለውም። 300 ላይ የብርሃን ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው (ኤፍ 5.6) ከፍተህ ስታነሳ ምስሉ ይለሰልሳል፤ ሰማይን ተደግፎ በቆመ ቅርንጫፍና በነጭ ላባ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ መስመር ይወጣል። ወደ ኤፍ 8 ብትዘጋው ይሻሻላል፣ ግን ግማሽ ብርሃንህን አጣህ ማለት ነው። ሲፎክስ የፊተኛው መስታወት ስለሚሽከረከር ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ማሰር ያስቸግራል። የሚፎክሰውም ከ1.5 ሜትር ጀምሮ ነው፤ 55-250 ኤስቲኤም ከ85 ሳ.ሜ ይጀምራል፣ ክብደቱም 375 ግራም ብቻ ነው። የሁለቱም ፊልተር 58 ሚ.ሜ ነው፣ ያንተም 18-55 እንደዚያው፤ ፊልተርና ክዳን ትጋራለህ።

ስለ 150-600 ጓደኛህ ለሰነቴ አልተሳሳተም። ቀበሮን ሳይረብሹ ፍሬም መሙላት የሚቻለው በ500 እና በ600 ነው። ለሐዋሳ ግን አይሆንህም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳዎቹ ከሰው እግር ሥር ነው የሚዞሩት። 10 ሜትር ላይ በ250 ካሜራውን አግድም ብትይዝ የፍሬሙ ቁመት 60 ሳ.ሜ ብቻ ነው፤ ወፉ ግን እስከ 1.5 ሜትር ይቆማል። ራስና አንገቱን ብቻ ታገኛለህ ማለት ነው። ሙሉውን ለማንሳት ካሜራውን አቁመህ ወደ 120 መመለስ አለብህ። በ150 የሚጀምር፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሌንስ እዚያ ሸክም ነው።

—

ሌንስ_ጠጋኝ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ያገለገለ ዕቃ ፍተሻ ልጨምር። ካሜራህን፣ ባዶ ካርድና የስልክ መብራት ይዘህ ሂድ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሻጩ ግማሽ ሰዓት ካልሰጠህ አትግዛ።

መጀመሪያ ከካሜራው ሳታስገባው ሁለቱንም ክዳን አንሣና የስልኩን መብራት ከኋላ በኩል አስገብተህ ከፊት ተመልከት፤ ቀጥሎ ገልብጠው። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት አያስጨንቅህ፣ ዙም ሲወጣና ሲገባ አየር ስለሚስብ ሁሉም ላይ አለ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካየህ ፈንገስ ነው፣ ተወው። ከሁሉ የሚያታልለው ጭጋግ ነው። በቀን ብርሃን አይታይም፤ መብራቱ ሲያልፍ ግን መስታወቱ ላይ ወተት የነካው ይመስላል። ፀሐይ ከፊትህ በሆነ ጊዜ ፎቶው ሁሉ የሚገረጣው በእሱ ነው። የፊት መስታወት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ግን ፎቶ ላይ አትታይም፤ ለዋጋ መከራከሪያ ትሆንሃለች። የኋላው ላይ ከሆነ ይጎዳል።

ቀጥሎ ማያያዣውን እይ። የ55-250 ኤስቲኤም ማያያዣ ፕላስቲክ ነው፤ ከወደቀ ጥርሶቹ ሥር ይሰነጠቃል።

አሁን ካሜራው ላይ እሰረው። ሰዎች የሚዘሉት ፍተሻ ይሄ ነው። መደወያውን ኤቪ ላይ አድርገህ አፐርቸሩን (የብርሃን ቀዳዳውን) ኤፍ 11 ላይ አኑርና በ55፣ በ100፣ በ135፣ በ200 እና በ250 አንዳንድ ፎቶ አንሣ። ዙም ሌንስ ውስጥ አፐርቸሩን የሚያንቀሳቅስ ቀጭን የሪባን ገመድ አለ፤ ዙሙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይታጠፋል፣ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ገመድ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ሲሆን ምንም ምልክት አያሳይም፤ ለመዝጋት ሲሞክር ነው ካሜራው "ኤረር 01" የሚለው፣ ያውም ብዙ ጊዜ በአንድ የዙም ቦታ ላይ ብቻ። ሻጭ ደግሞ ሁልጊዜ በአውቶ፣ ጥላ ባለበት ሱቅ ውስጥ ነው የሚያሳይህ፤ እዚያ አፐርቸሩ ከፍቶ ስለሚሠራ ችግሩ አይወጣም።

ማረጋጊያውን ለመፈተሽ 250 ላይ ሆነህ የሸተሩን ቁልፍ በግማሽ ተጭነህ ያዝ። ቀላል የሹክሹክታ ድምፅ ይሰማል፣ በመመልከቻው ውስጥ ያለው ምስል ረጋ ብሎ "ይንሳፈፋል"። ምስሉ ከዘለለ ወይም በአንድ በኩል ከተጎተተ ተበላሽቷል።

የመጨረሻው የግድግዳ ፈተና ነው። የብሎኬት ወይም የጡብ ግድግዳ ፊት ለፊት ቀጥ ብለህ ቁም፣ 250 ላይ ኤፍ 5.6 አድርግ፣ ሸተሩ (የማንሻው ፍጥነት) ከ1/500 ሰከንድ በታች አይሁን። ፎቶውን አጉልተህ አራቱን ማዕዘኖች አወዳድር። አራቱም እኩል ትንሽ ቢለሰልሱ ባሕርዩ ነው። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ውስጡ ተዛንፏል፤ ማስተካከሉ ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል።

—

አባ_ኮዳ

ስለ ምርጫው ትንሽ ልለይ። ገንዘቡ የሚፈቅድለት ሰው 55-250 ገዝቶ በዓመቱ ሌላ ከሚገዛ የሲግማ ወይም የታምሮን 100-400 ቢወስድ ይሻላል። ሁለቱም 1.1 ኪሎ አካባቢ ናቸው፣ ማረጋጊያ አላቸው፣ ፊልተራቸው 67 ሚ.ሜ ነው፣ ከ150-600 በተለየ ደግሞ በትከሻ ቦርሳ ይገባሉ። ጉዞው ለወፍና ለቀበሮ ከሆነ 400 የሚሰጠው ልዩነት እውነተኛ ነው። አንድ ነገር ግን፦ ጫፋቸው ኤፍ 6.3 ነው፤ ጉሬዛ በዛፍ ጥላ ውስጥ ሲሆን ይከብዳል።

አንዳንድ ሰው 55-250 ላይ 1.4 ኤክስቴንደር (ከሌንሱ ኋላ የሚታሰር ማስረዘሚያ) እጨምራለሁ ይላል፤ አይሆንም። የካነን ኤክስቴንደር እዚያ ሌንስ ላይ አይገባም። የሌላ ድርጅት ቢገባ እንኳ ኤፍ 5.6ቱ ኤፍ 8 ይሆናል፣ የ2000ዲ አውቶፎከስ ደግሞ በመመልከቻ ሲታይ የተሠራው እስከ ኤፍ 5.6 ነው፤ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቀራል።

ሴቲንግ። አውቶን ተወው፣ ቲቪ ላይ አድርግ። ካሜራህ በአውቶ ወይም በኤቪ ሲሆን ሸተሩን ለእጅህ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው የሚመርጠው፣ ወፉ መንቀሳቀሱን አያውቅም። በቲቪ ግን ሸተሩን አንተ ትወስናለህ፦

የቆመ አጋዘን ወይም የተቀመጠ ጉሬዛ፦ 1/400።
የሚራመድ ቀበሮ፣ ራሱን የሚያንቀሳቅስ ወፍ፦ 1/800 እስከ 1/1000።
የሚበር ፔሊካን ወይም አባ ኮዳ፦ 1/1600፤ ትንንሽ ወፎች ከዚያም በላይ።

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) አውቶ ይሁን፣ ጣሪያውን ከሜኑው 3200 ላይ ገድበው። በመመልከቻው ውስጥ የአፐርቸሩ ቁጥር ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃን አልበቃም ማለት ነው፤ ያኔ ሸተሩን ከመቀነስህ በፊት የአይኤስኦውን ጣሪያ ከፍ አድርግ። ጥርት ብሎ ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ በኮምፒውተር ይጸዳል፤ የተንቀጠቀጠውን የሚያድን ነገር የለም።

ፎከሱን ከዋን ሾት ወደ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ የሚፎክሰው) ቀይር፣ ከዘጠኙ ነጥቦች የመሐለኛውን ብቻ ምረጥ። 2000ዲ ላይ በመስቀል ቅርጽ የሚሠራው ያ አንዱ ነው፣ የቀሩት በደካማ ብርሃን ይስታሉ። ነጥቡን ዓይኑ ላይ አሳርፍ። 5 ሜትር ላይ በ250 እና በኤፍ 5.6 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 8 ሳ.ሜ ገደማ ነው፤ ምንቃሩ ላይ ከፎከስክ የአባ ኮዳ ዓይን ይደበዝዛል፣ ምንቃሩ ብቻውን ከዚያ በብዙ ይረዝማልና።

የብርሃን ልኬቱ ደግሞ በቀለም ይሳሳታል። ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ነው የሚጎትተው። ነጭ ፔሊካን በጠቆረ ውኃ ላይ ሲሆን ላባው ይቃጠላል፤ የኤቪ ቁልፉን ይዘህ ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (1 ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው) ቀንስ። ወፍ ደማቅ ሰማይን ተደግፎ ሲበር በተቃራኒው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል፤ 1 ስቶፕ ጨምር። ጉሬዛ ጥቁርም ነጭም ስለሆነ ያስቸግራል፤ ነጩ እንዳይቃጠል ለካ፣ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ጥቁሩን በኋላ በኮምፒውተር ማፍካት ይቻላል።

—

ብርሃን_ፈላጊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጋሽ ሌንስ ጠጋኝን ፍተሻ አንድ በአንድ ሠርቼ 55-250ውን ወስጃለሁ። ኤፍ 11 ላይ በሁሉም ዙም ሠርቷል፣ አራቱም ማዕዘን እኩል ናቸው።

ግን ትናንት ቀን 7 ሰዓት ላይ ከሰገነት ሆኜ ራቅ ያለ ሕንፃ ላይ ሞከርኩት። በ250 አንዱም ጥርት አላለም። 1/1000 ነበር፣ ማረጋጊያውም በርቷል። ሌንሱ ችግር አለበት ማለት ነው? ሻጩ ያሰረበት የዩቪ ፊልተርም አለ።

—

ሌንስ_ጠጋኝ

የግድግዳውን ፈተና ካለፈ ሌንሱ ደኅና ነው። ድብዝዝ ያለ ፎቶ አራት ዓይነት ነው፣ አጉልተህ ስታየው ይለያል።

ነጠብጣብ የሚመስሉ ብርሃኖች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳቡ እጅህ ነው። ኋላው ያለው ጥርት ብሎ እንስሳው ብቻ ከተሳበ እንስሳው ተንቀሳቅሷል፤ ማረጋጊያ ለዚህ ምንም አያደርግም፣ ሸተር ጨምር። የፈለግኸው ደብዝዞ ከፊቱ ወይም ከኋላው ያለው ነገር ጥርት ካለ ፎከሱ ስቷል። ቀጥ ያለው የመስኮት ጠርዝ ከተወላገደ፣ ተከታትለህ ያነሳሃቸው ሦስት ፎቶዎች ደግሞ መወላገዳቸው የተለያየ ከሆነ አየሩ ነው። ቀን 7 ሰዓት ላይ በቆርቆሮና በአስፋልት ላይ የሚነሣው ሙቀት ያደረገው ይመስለኛል። ለዚህ የሚበጅ ሌንስ የለም፣ በብዙ እጥፍ የሚሸጠውም ቢሆን። መፍትሔው በጠዋት ማንሳት ወይም መቅረብ ነው።

ፊልተሩን አውልቀህ ያንኑ ግድግዳ አንዴ ከነፊልተሩ፣ አንዴ ያለፊልተሩ አንሣ። በ18-55 ላይ የማያስታውቅ ርካሽ ፊልተር በ250 ላይ ያለሰልሳል፣ ምክንያቱም የመስታወቱ ትንሽ ወጣ ገባ ሁሉ አብሮ ይጎላል። በምትኩ ሁድ (ሌንሱ አፍ ላይ የሚታሰር የጥላ ቀለበት) ግዛ፤ ለዚህ ሌንስ የሚሆነው ኢቲ-63 ይባላል። ከጎን የሚገባውን ፀሐይ ያግዳል፣ ሲወድቅም ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው።

ጥርጣሬ ከቀረህ ፎከሱን እንዲህ ፈትን። ከ4 ሜትር ላይ አንድ ጠርሙስ አቁመህ በመመልከቻው ፎክሰህ አንሣ፤ ቀጥሎ ላይቭ ቪው ከፍተህ በስክሪኑ ፎክሰህ ድገም። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጠራ ከሆነ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም። 2000ዲ ይህን የሚያስተካክል ሜኑ የለውም፣ ቆሞ ለሚጠብቅህ ነገር ላይቭ ቪውን ትጠቀማለህ።

—

ደጋ_ለደጋ

ስታንድ ብለህ ጠይቀህ ነበር። ለ375 ግራም ሌንስ ከአዲስ አበባ ባሌ ድረስ መሸከም አያስፈልግም። ሰነቴ ላይ ብዙውን የምታነሳው ከመኪና መስኮት ነው፤ ቀበሮው ከቆመ መኪና ይልቅ በእግሩ ከሚመጣ ሰው ይሸሻል። ለመስኮት የሚሻለው ከረጢት ነው። የአሮጌ ጂንስ አንድ እግር ከጉልበት በታች ቁረጥ፣ አንዱን አፍ ስፋ፣ ሁለት ኪሎ ገደማ ሩዝ ወይም ስንዴ ጨምርበትና ሌላውን አፍ በገመድ እሠር። ሞልተህ አታጭቀው፣ ሌንሱ ሰመጥ ማለት አለበት። ባዶውን ይዘህ ሄደህ እህሉን ሮቤ ወይም ጎባ ገበያ ብትገዛ ሸክም የለውም።

ሞተሩ ይጥፋ፤ ንዝረቱ በ250 ላይ ይታያል። የመኪናው ማሞቂያ በርቶ ከቆየ ደግሞ መስኮቱን ከፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከውስጥ የሚወጣው ሙቅ አየርና የውጪው ብርድ በመስኮቱ ላይ ሲገናኙ ጠጋኝ ያለውን ዓይነት መወላገድ ይሠራሉ።

ስለ ሰዓት፦ ሐዋሳ ላይ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00 ያለው ብርሃን ምርጥ ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹም የሚመለሱት በጠዋት ነው። ሰነቴ ላይ ግን 4 ሰዓት ሆነ ብለህ ተስፋ ቆርጠህ አትውረድ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው፣ ምክንያቱም ምግቡ የሆኑት ትልቁ ፍልፈልና አይጦቹ ፀሐይ ሲሞቅ ነው ከጉድጓድ የሚወጡት። ጉድጓድ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀበሮ ካየህ አትንቀሳቀስ፣ ካሜራህን በርስት (ተከታታይ ማንሻ) ላይ አድርገህ ጠብቅ። በርስቱ በሰከንድ 3 ፎቶ ብቻ ስለሆነ ከዘለለ በኋላ ብትጀምር ትዘገያለህ፤ ጆሮው ወደፊት ሲቆም ጀምር። ራቅ ብሎ ከቀረም አትከተለው፣ አብሮህ ያለው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ያለህን ስማ። ፎቶውን ግማሽ ስፋት ድረስ ብትቆርጠው 3000 በ2000 ፒክስል ይቀርሃል፣ ለኤ4 ህትመት ይበቃል።

የደጋ አጋዘን ዲንሾ ላይ በጫካው ጠርዝ በቀላሉ ይገኛል፣ ከ30 ሜትር በ250 የ2.7 ሜትር ፍሬም አለህ፤ ለሙሉ እንስሳ ልክ ነው።

—

አባ_ኮዳ

ሁለት ነገር ብቻ፣ ሁለቱም ሌንስ የሚያበላሹ ናቸው።

አቧራ፦ በመንገድ ላይ ሌንስ መቀየር ካለብህ መስኮት ዝጋ፣ ካሜራውን አጥፋ፣ አፉን ወደ ታች ይዘህ ቀይር። ሴንሰሩን ወይም መስታወቱን በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይረጫል፤ የጎማ ነፊ ያዝ። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግም ይቅር፤ አሸዋውን መጀመሪያ ሳትነፋ ከጠረግህ ጭረቱን ራስህ ሠራኸው።

ብርድ፦ ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ። ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ሁለተኛውን የውስጥ ኪስህ ውስጥ አድርግ። ማታ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገባ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጣ፣ መስታወቱ ውስጥ ድረስ ያልበዋል፤ ያ እርጥበት ነው ጠጋኝ ያለው ፈንገስ የሚነሣበት። ዚፑን ዘግተህ ሁለት ሰዓት አቆየው። ካርዱን ግን ቦርሳው ሳይዘጋ ውጪ ሆነህ አውጣው፣ ፎቶዎቹን ለማየት እንደምትቸኩል ይገባኛል።